ጥያቄና መልስ፦ የእንግሊዝኛው «አፕ» ከግስ ጋር ሲጣመር

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። «አፕ» ማለት «ወደ ላይ» እንደሆነ ተምሬአለሁ፤ ነገር ግን እንግዶች «ዩዝ አፕ» ወይም «ጊቭ አፕ» ሲሉ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር አላገኝባቸውም። እንደነዚህ ያሉትን ጥምር ግሶች በቃል ከመሸምደድ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መንገድ አለ። ግሶቹን በፊደል ተራ ከተደረደረ ዝርዝር ከማጥናት ይልቅ «አፕ» በሚጨምርባቸው ትርጉም መድበው ይያዟቸው። ሰፊው ምድብ ድርጊቱ እስከ መጨረሻው መድረሱን የሚያመለክት ሲሆን፣ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ፣ «ኢት አፕ» ሳያስቀሩ መብላት፣ «ፊል አፕ» ጢም አድርጎ መሙላት ነው። ሌላው ምድብ መጨመርን ያሳያል፤ «ስፒክ አፕ» ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገር፣ «ስፒድ አፕ» ፍጥነት መጨመር ነው። «ጊቭ አፕ» ግን መተው ወይም ተስፋ መቁረጥ ስለሆነ በግድ ከእነዚህ ጋር አያዛምዱት፤ ለብቻው ከነዓረፍተ ነገሩ ይጠና።

ለሥራዎ ይበልጥ የሚያስፈልግዎ የቃላቱ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ የሚደርስን እንግዳ በመኪና ለመቀበል ቃል ሲገቡ «አይ ዊል ፒክ ዩ አፕ» ይበሉ እንጂ «ፒክ አፕ ዩ» አይበሉ፤ ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን በግሱና በ«አፕ» መካከል መግባቱ ግዴታ ነውና። ተሳቢው ስም ከሆነ «ፒክ አፕ ዘ ጌስት»ም «ፒክ ዘ ጌስት አፕ»ም ትክክል ናቸው። መታገሥ የሚል ትርጉም ያለው «ፑት አፕ ዊዝ» ግን በመካከሉ ሌላ ቃል ስለማይገባበት፣ ተውላጠ ስሙ መጨረሻ ላይ ይቀመጥና «ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ይባላል።