መርፌው ሌላውን አውሮፕላን አያሳያችሁም

ይህን የምጽፈው የኢንስትሩመንት፣ ማለትም ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ የመብረር፣ ስልጠና ለጀመራችሁና ፈቃዱን በቅርቡ ላገኛችሁ ልጆች ነው። አይኤልኤስ፣ ማለትም በሬዲዮ ጨረር እየተመሩ ወደ ራንዌይ መውረድ፣ እንዴት እንደሚበረር አስተማሪዎቻችሁ ነግረዋችኋል፣ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ መስመር ላይ ስትወርዱ ከሌላ አውሮፕላን ጋር እንዳትላተሙ ነው።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ታወር (የመቆጣጠሪያ ማማ) ወደሌለው ትንሽ ኤርፖርት ከተማሪ ጋር አይኤልኤስ እየተለማመድን ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ተማሪው ሁድ የሚባለውን የዓይን መከለያ አድርጓል፣ ከመሣሪያዎቹ በቀር የሚያየው የለም። ውጭውን ማየት የእኔ ሥራ ነው። ልጁ ያን ቀን ጉድ ነው የሠራው፤ ግራ ቀኙን የሚያሳየው የሎካላይዘር መርፌም የመውረጃውን ልክ የሚያሳየው የግላይድ ስሎፕ መርፌም መሃል ላይ ተቸንክረዋል። እኔ ደግሞ ሥራዬን ትቼ አንገቴን አስግጌ መርፌዎቹን አደንቃለሁ። ቀና ስል ፊት ለፊት አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አትልም። ዝም ብላ ትተልቃለች። ቆሌዬ ተገፈፈ። "እኔ ይዣለሁ!" ብዬ መሪውን ነጠቅኩትና ወደ ቀኝ አጠፍኩ።

ነፋስ ስላልነበረ ያኛው ከራንዌዩ ማዶ ተነስቶ በቀጥታ ወደ እኛ እየወጣ ነበር። በኋላ መሬት ላይ ተገናኘን። ገና ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ሦስት ጊዜ ተናገርኩ እኮ! ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ" አለኝ። እውነቱን ነው። ሁለተኛውን ሬዲዮ በኤርፖርቱ ፍሪኩዌንሲ ላይ አድርጌው ነበር፣ ግን ወደ ኤርፖርቱ የሚያስጠጋን የአፕሮች ተቆጣጣሪው ሲያናግረኝ ረበሸኝ ብዬ ድምፁን ዜሮ አድርጌ እዚያው ረሳሁት። ተማሪዬ ደግሞ ሁዱን አውልቆ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "መርፌዎቹ ግን መሃል ነበሩ አይደል?"

ነበሩ። ችግሩም እሱ ነው። አይኤልኤስ ሰማይ ላይ እንደተዘረጋ አንድ ክር ነው። ወደ 3 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፣ በየኖቲካል ማይሉ 300 ጫማ ገደማ ትወርዳላችሁ። በሰፊው ሰማይ ተበትኖ የነበረው ሁሉ ወደዚያ ክር ይሰበሰባል። በደንብ በበረራችሁ ቁጥር ደግሞ ሌላውም በደንብ ከበረረበት መስመር ላይ ትሆናላችሁ። ያውም ዓይናችሁ መሣሪያ ላይ በተተከለበት ሰዓት።

ብዙ ጀማሪዎች የሚፈሩት ደመናውን ነው። እኔ ግጭትን በተመለከተ የምፈራው የጠራውን ቀን ነው። ቁጥጥር ባለበት አየር ክልል ደመና ውስጥ ያለው ሰው በኢንስትሩመንት ፈቃድ የሚበር ስለሆነ ተቆጣጣሪው ያራርቃችኋል። በጠራ ቀን ግን በዓይኑ የሚበረው ሰው አለ። እንደ አየር ክልሉ ዓይነት ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሊሆን ይችላል፣ ጥፋትም የለበትም። "ለአይኤልኤስ ተፈቅዶላችኋል" ስትባሉ መንገዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከደመናው ስር ብቅ የምትሉባትን ቅጽበትም ጠብቋት። ቁጥጥር በሌለበት ዝቅተኛ ሰማይ በዓይኑ የሚበር ሰው ከደመና ውጭ እስከሆነና መሬት እስከታየው ድረስ እዚያው ስሩ መብረር ይፈቀድለታል። እናንተ ገና ዓይናችሁን ከመርፌው ስታነሱ እሱ እዚያ ነው።

በሴፕቴምበር 25 ቀን 1978 ሳን ዲዬጎ ላይ የሆነውን አንብቡት። የፒኤስኤ አየር መንገድ ቦይንግ 727 ለማረፍ እየወረደ ነው። ከፊቱ አንድ ሴስና 172 አለ፣ የአይኤልኤስ ልምምዱን ጨርሶ የሚሄድ። ቀኑ ብሩህ ነው። የ727 አብራሪዎች ስለ ሴስናው ተነግሯቸዋል፣ አየነውም ብለዋል። ከዚያ ጠፋባቸው። መጥፋቱን ግን ታወሩ በሚገባው መንገድ ቁርጥ አድርገው አልተናገሩም፣ አልፎን ሄዷል መሰለኝ በሚል ግምት ቀጠሉ። ሴስናውም ከታዘዘበት አቅጣጫ ወጥቶ ነበር። 144 ሰው ሞተ። እኔ ከዚህ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፤ ያያችሁት አውሮፕላን ሲጠፋባችሁ ሳታፍሩ ወዲያው "ጠፋብኝ" በሉ። "መሰለኝ" የምትባል ቃል ኮክፒት ውስጥ ጠላቴ ናት።

ስለማየት። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን በሚያስተምረው ስሌት፣ ሌላውን አውሮፕላን ካያችሁ በኋላ አደጋ መሆኑን ለይታችሁ፣ ወስናችሁ፣ መሪውን አዙራችሁ አውሮፕላኑ እስኪታዘዝ 12.5 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በ90 ኖት ፊት ለፊት ቢመጡ በዚያ ጊዜ ከግማሽ ኖቲካል ማይል በላይ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ሰማዩን በአንድ ጊዜ አትጥረጉት። ዓይን እየሮጠ አያይም። ቁራጭ ቁራጭ አድርጉት፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ሰከንድ ቆም በሉ። መስታወቱ ላይ የሚንቀሳቀሰው ነጥብ ብዙውን ጊዜ ያልፋችኋል። ያልተንቀሳቀሰው ነው የናንተ።

ስክሪኑ ላይ ትራፊክ ስለሚታይ ተመስገን ነው፣ እኛ ይህ አልነበረንም። ግን ትራንስፖንደር (ለሌሎች በሬዲዮ ምልክት የሚያሳውቅ መሣሪያ) የሌለው ወይም ያላበራው ሰው እዚያ ላይ አይወጣም። ቲካስ፣ ማለትም ግጭት ሲመጣ ውጣ ወይም ውረድ የሚል መሣሪያ፣ ያለው አውሮፕላን ላይ ስትደርሱ ደግሞ "ውጣ" ካለ ውጡ፣ ተቆጣጣሪው ውረድ ቢልም። በ2002 ዩበርሊንገን ላይ አንደኛው አብራሪ ቲካሱን፣ ሌላኛው ተቆጣጣሪውን ሰምተው ሁለቱም ወረዱ፤ 71 ሰው አለቀ። ከመሬት 1000 ጫማ ገደማ በታች ግን ቲካስ ራሱ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ መስጠት ያቆማል። የመጨረሻዋ ክፍል የዓይንና የጆሮ ናት።

ሬዲዮ ላይ ልብ በሉልኝ። ታወር በሌለበት ቦታ የመግቢያ ነጥቡን ስም ብቻ አትጥሩ። በዓይኑ የሚበረው ሰው የኢንስትሩመንት ቻርት የለውም፣ ያ ስም ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። "ከሰሜን 5 ማይል፣ ቀጥታ ወደ ራንዌይ 18 እየመጣሁ ነው" በሉት፣ ወዲያው አንገቱን ያዞራል። መጨረሻ ላይ ምን እንደምታደርጉም ንገሩት፤ ታርፋላችሁ ወይስ ዝቅ ብላችሁ ትነሳላችሁ? ተቆጣጣሪው አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚለቃችሁ፣ ስለዚህ 10 ማይል ላይ ሳላችሁ ያንን ፍሪኩዌንሲ በሁለተኛው ሬዲዮ መስማት ጀምሩ። ድምፁን ከፍ አድርጉ፣ እኔን ያያችሁ ተቀጡ።

ቀጥታ ስለመጣችሁም ቅድሚያ የናንተ ብቻ አይምሰላችሁ። ኦገስት 2022 ካሊፎርኒያ፣ ዋትሰንቪል ላይ በዙር፣ ማለትም ለማረፍ ኤርፖርቱን በሚዞሩበት መስመር፣ የነበረች ሴስና 152 እና ቀጥታ በፍጥነት የመጣ ባለ ሁለት ሞተር ሴስና 340 ሊያርፉ ሲሉ ተጋጩ፣ ሦስት ሰው ሞተ። የኢንስትሩመንት አቀራረብ አልነበረም፣ ግን እናንተም በአይኤልኤስ ስትመጡ ልክ እንደዚያ ረጅምና ቀጥ ያለ መስመር ላይ ናችሁ። ዙሩ ውስጥ ሰው ካለ ፍጥነት ቀንሱ፣ ካልተመቸ ተውትና ተነሱ።

ስትነሱም ጉዳዩ አላለቀም። ሚስድ አፕሮች ላይ፣ ማለትም ማረፉን ትታችሁ ስትወጡ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሳ ፊት ለፊታችሁ ያለው አይታያችሁም፣ ዙሩ ላይ ያለው ሰው ደግሞ እንደምታርፉ ነው የሚያስበው። መጀመሪያ ኃይል ጨምሩ፣ አውሮፕላኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ "እየተነሳሁ ነው፣ ቀጥታ እወጣለሁ" በሉ። ሁድ ያደረገውን ተማሪ ደግሞ ያኔ አታድንቁት፣ መሬት ላይ ይደርሳል።