ሰንሰለት ዙር፦ ጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ ልጆችን ዳንስ አሠለጥናለሁ። ሰሞኑን ከየሰፈሩ ስለ አንድ ዙር ብቻ ጥያቄ በዛብኝ። እየዞሩ ወለሉን አቋርጠው የሚያልፉበት ዙር ነው። በባሌት ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ሼኔ»። እኛ አገር ይህን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ስለማይመች ትርጉሙን ወስደን «ሰንሰለት» አልነው።

ከሄርማታ፦ ቪዲዮ አይቼ አልገባኝም። እንዴት ነው የሚሠራው?

ሁለት እርምጃ፣ አንድ ሙሉ ዙር። ወደ ቀኝ ልትሄድ ነው እንበል፤ ፊትህ ወደ ተመልካች ነው። ቀኝ እግርህን ወደ ጎን ታራምዳለህ። ግራው ሲከተል ግማሽ ትዞራለህ፤ አሁን ለተመልካች ጀርባህን ሰጥተሃል። ቀኙ እንደገና ሲራመድ ቀሪውን ግማሽ ትዞራለህ። እግሮችህ ይቀራረቡ፣ ተረከዝህ ከመሬት ይነሣ። እጅህ ከፊትህ ክብ ይሥራ፣ ሰፌድ እንደያዘ ሰው።

ከቦሳ ኪቶ፦ ሦስቴ ስዞር ቤቱ ሁሉ ይዞርብኛል። በባዶ ሆዴ ቡና ስለምጠጣ ይሆን?

ቡናውን ተዪው፣ ሲኒውን ግን አምጪው። ቡናውን በሲኒው ውስጥ አሽከርክሪና ሲኒውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ቡናው ወዲያው አይቆምም አይደል? በውስጠኛው ጆሮሽ ባሉት ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ውስጥም ፈሳሽ አለ። አንቺ ስትቆሚ እሱ ይቀጥላል፤ አእምሮሽም ገና የምትዞሪ ይመስለዋል።

መፍትሔው ዓይን መትከል ነው። በምትሄጂበት አቅጣጫ፣ በዓይንሽ ቁመት አንድ ነገር ምረጪ። እኛ ጋ መስኮቱ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ። ሰውነትሽ ሲዞር ዓይንሽ ጀሪካኑ ላይ ይቀራል። አንገትሽ «ከዚህ በላይ አልችልም» ሲል ጭንቅላትሽ ቶሎ ዞሮ ከሰውነትሽ ቀድሞ ጀሪካኑን ያገኛል። በደፈናው ወደ ግድግዳው ማፍጠጥ አይሠራም። በልብሽ «ቢጫ» እስክትዪ ድረስ በደንብ እዪው።

ከጅሬን፦ ቀጥ ብዬ እጀምርና ጥግ እገባለሁ።

የኔም በሽታ ይሄው ነበር። ተማሪዎቼ ፊት ስምንት ዙር ላሳይ ብዬ ወንበሮቹ መሀል ገብቻለሁ። አስታማሚ አላጣሁም፣ የሳቀው ግን ይበዛል።

ጥፋቱ ሁለተኛዋ ግማሽ ላይ ነው። የመጀመሪያዋን ሁሉም ሰው አሟልቶ ይዞራል፤ ሁለተኛዋን ይቆርጣታል። በየዙሩ 10 ዲግሪ ብትቆርጥ በ9 ዙር 90 ዲግሪ ስተሃል፤ ፊት ለፊት ስትሄድ ወደ ጎን ዞረሃል ማለት ነው። ጠመኔ ይዘህ ሲሚንቶው ላይ መስመር አስምር። ያለ ሙዚቃ፣ በየግማሹ እየቆምክ ሂድ። ሁለቱም እግሮችህ መስመሩ ላይ ናቸው? በተለይ ጀርባህን ሰጥተህ ስትቆም እይ። እጅ በመወርወር ለመፍጠን አትሞክር፤ እርምጃህን አሳጥር።

ከመንደራ ቆጪ፦ እስክስታ ተወዛዋዥ ነኝ። ትከሻዬ አላርፍ አለ።

አይፈረድበትም። እስክስታ ላይ ትከሻ ለብቻው ይሠራል። እዚህ ግን ትከሻና ዳሌ እንደ አንድ በር አብረው ነው የሚዞሩት። ትከሻህ ከቀደመ ዳሌህ ይጎተታል፣ ትንገዳገዳለህ። ጋቢህን ከትከሻህ እስከ ዳሌህ ጠቅልለህ በዝግታ ዙር፤ የቱ እንደቀደመ ጨርቁ ይነግርሃል። አትሳቅ፣ ይሠራል። አንገትህ የተፍታታ ከሆነ ደግሞ ዓይን መትከሉ ቶሎ ይገባሃል።

አንዲት እናት፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ በካልሲ ትዞራለች። ልከልክላት?

ካልሲውን ይከልክሏት እንጂ ዙሩንስ ይተዉላት። ሲሚንቶ ላይ ካልሲ ያንሸራትታል፤ ባዶ እግር ይሻላል። ዝናብ በዘነበ ቀን (ጅማ ነንና ብዙ ቀን ነው) ወለሉ ቀድሞ ይወልወል። ጠረጴዛውንም ገፋ ያድርጉላት።

አንድ ጠያቂ፦ ወደ ግራ ጭራሽ አልችልም።

ግራውን መጀመሪያ ሥራው፣ ሳይደክምህ።

አንዲት ጠያቂ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እርምጃውን በአንድ ቀን ትይዣለሽ። ዓይን መትከሉ ግን ሳምንታት ይወስዳል። ቅዳሜ ብቅ በዪ፤ ጀሪካኑ እዚያው መስኮቱ ላይ ነው።