ፔዳሉ ለሚወርድበት ሃይሉክስ፦ ፖምፓ ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ የኋላ ሸራው (ጎማውን ፈትጎ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል) ተቀይሮ፣ በፍሬን ዘይቱ መስመር ውስጥ የገባው አየርም ወጥቶ የሃይሉክስህ ፍሬን አሁንም ወለሉ አጠገብ ደርሶ ነው የሚይዘው ብለሃል። ጋራዡ ደግሞ ፖምፓ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ዋና ክፍል፣ ግዛ ብሎሃል። ገንዘብህን ለጊዜው አቆየው።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጠህ እግርህን ሳታነሳ ያዝ። ቀስ እያለ ከወረደና ወደ ውጭ የሚፈስ የፍሬን ዘይት ከሌለ፣ የፖምፓው ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ) ዘይቱን በውስጥ እያሳለፈ ነውና መካኒክህ ልክ ነው። ካልወረደ ግን ሌላ ቦታ ፈልግ። ደጋግመህ ስትረግጠው ከፍ ብሎ የሚጠነክር ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ርቋል፤ ከፍ ብሎም እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ከሆነ አየር አለ።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሸራውን ነው። አዲስ ሸራ ገባ ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም። የእጅ ፍሬኑን ጥቂት ጥርስ ሳብና ፔዳሉን ርገጥ፤ ከፍ ካለ የኋላው ሸራ ክፍተት በዝቷል። ጎማው በእጅ ሲዞር ሸራው ታምቡሩን በስሱ እስኪነካ ድረስ ማስተካከያውን በካቻቪቴ ማዞር ነው፣ በሁለቱም ጎን። በራሱ ይስተካከላል የሚባለው ጥርስ በአቧራና በጭቃ ደርቆ ቀጥ ሲል ብዙ አይቻለሁ።

አየሩ ወጥቷል የተባለውንም በቀላሉ አልቀበልም። ሲወጣ መኪናው እንዴት ቆሞ ነበር? ብዙ ሃይሉክሶች ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ግፊት በጭነቱ ልክ የሚመጥን ቫልቭ አላቸው፤ ዘንጉ ከኋላ አክሰል ጋር የታሰረ ነው። ሻንሲው በክሪክ ተነስቶ አክሰሉ ሲንጠለጠል ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፣ ዘይቱን ያንቃል፣ አየሩም እዚያው ይቀራል። ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ከቀኝ ኋላ ጀምራችሁ አውጡት፤ ቫልቩ የራሱ የአየር ማውጫ ብሎን ካለው እሱም አይረሳ። የሚረግጠው ሰው ፔዳሉን ወለል ድረስ እንዳይሰድደው ከሥሩ ቁራጭ እንጨት አድርጉ። በአሮጌ ፖምፓ ውስጥ ጎሚኒው ደርሶበት የማያውቀው ቦታ ዝገት ይይዛል፤ እዚያ ሲገባ ይላጣል። ደህና የነበረ ፖምፓ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በዚህ ነው!

ፔዳሉ የሚወርደው ከኮረኮንች በኋላ፣ በመጀመሪያው እርግጫ ላይ ብቻ ከሆነ ግን የፊት ጎማ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት) ላልቶ እንደሆነ ነቅንቀህ እይ፤ ሲላላ የፊቱ ዲስክ እየተወዛወዘ የራሱን ሸራ ወደ ኋላ ይገፋዋል።

የእጅ ፍሬኑን ሙከራ ዛሬውኑ አድርገህ ውጤቱን ጻፍልን። እስከዚያ ጭነት ይዘህ ወደ ዓባይ በረሃ አትውረድ።