ርካሹን ሰንጢ ልግዛ ወይስ ውዱን?

አንድ ወንድም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦

«ጋሼ፣ ሥራዬ የኬብል ዝርጋታ ነው። ቀኑን ሙሉ ካርቶን እከፍታለሁ፣ ገመድ እቆርጣለሁ፣ የኬብል ላስቲክ እልጣለሁ። ሰንጢዬ በሁለት ቀን ይዶለዱማል። አሁን ደግሞ ሲከፈት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀምሯል። የወደድኩት አንድ ሞዴል አለ። ፋብሪካው በሁለት ዓይነት ያወጣዋል፣ ቅርጹ ግን አንድ ነው። ርካሹ ላይ 8ሲአር13ሞቭ፣ ውዱ ላይ ኤስ30ቪ የሚል የብረት ስም ተጽፏል። የውዱ ዋጋ የርካሹ ሦስት እጥፍ ነው። ጨክኜ ውዱን ልግዛ ወይስ ገንዘቤን በከንቱ ላጠፋ ነው?»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። ለአንተ ሥራ ርካሹ ይበቃሃል። ከሚተርፍህ ገንዘብ ላይ የአልማዝ መሳያ ግዛበት። ርካሹ ግን ከታች የምነግርህን ፈተና ማለፍ አለበት። ካላለፈ በነጻ ቢሰጡህም አትያዘው።

ቢላ መሳልና መጠገን ሥራዬ ነው። ርካሹም ውዱም በየቀኑ እጄ ይገባል። ሰው ሊያማክረኝ ሲመጣ መጀመሪያ የብረት ስም ያነሳል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አሮጌውን ቢላ አሳየኝ እላለሁ። አሮጌው በምን እንደተበላሸ ካወቅን፣ አዲሱን መምረጥ ቀላል ነው።

እስቲ ያንን ሰንጢህን አውጣ። አፉን ወደ ላይ አድርገህ መብራት ስር ያዘው። ስል የሆነ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ ብታፈጥበትም መስመሩ አይታይህም። የዶለዶመ ግን ያብረቀርቃል። ጥያቄው የት ያብረቀርቃል ነው። ከጫፉ እስከ እጀታው ወጥ ሆኖ ካብረቀረቀ፣ አፉ ተፍቆ አልቋል። ይህ የካርቶን ሥራ ነው። ካርቶን ሲነኩት ለስላሳ ይመስላል እንጂ ብረትን ቀስ እያለ ይበላል። እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ካብረቀረቀ አፉ ታጥፏል። ጥፍርህን ከጀርባው ወደ አፉ ቀስ ብለህ ስትጎትት በአንዱ ጎን የሚይዝህ ነገር ካለ፣ እጥፋቱ እሱ ነው። መዳብ ወይም የካርቶን ስፒል ነክተሃል ማለት ነው። ጥርስ ጥርስ አውጥቶ ከተሸረፈ ደግሞ፣ ወይ ቆርጠህ ሳትጨርስ ጠምዝዘኸዋል፣ ወይ ብረቱ ለዚህ ሥራ ከሚገባው በላይ ተሰባሪ ነው።

ይህን በደንብ ለይልኝ። ውዱ ብረት የሚያድንህ ከመጀመሪያው ጉዳት ብቻ ነው።

የብረቶቹ ስም እንቆቅልሽ አይደለም። 8ሲአር13ሞቭ 0.8 በመቶ ገደማ ካርቦንና 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለው ብረት ነው። ካርቦኑ ያጠነክረዋል፣ ክሮሚየሙ ከዝገት ይጠብቀዋል። ኤስ30ቪ ደግሞ 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየም፣ በዚያ ላይ 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። ከካርቶን ጋር የሚታገለው ይህ ቫናዲየም ነው። ከካርቦኑ ጋር ተገናኝቶ ካርባይድ የሚባሉ በጣም ጠንካራ ቅንጣቶችን ይሠራል። ብረቱ በተለመደው መንገድ ቀልጦ ቢቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ አድገው ያሻክሩት ነበር። ስለዚህ የቀለጠውን ብረት በትነው ዱቄት ያደርጉታል። ከዚያ ዱቄቱን በሙቀትና በግፊት መልሰው አንድ ያደርጉታል። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ሆነው ይቀራሉ። አንተ የምትከፍለው የዚህን ሁሉ ልፋት ነው። ጠንካራ ስለሆነ ፋብሪካው ውስጥ ሲሞረድም ጊዜና መሣሪያ ይበላል።

በካርቶን ላይ ልዩነቱ እውነት ነው። ኤስ30ቪ በግልጽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆርጣል። ነገር ግን ዕዳ አለበት። ቫናዲየም ካርባይድ ከተራው የመሳያ ድንጋይ ይጠነክራል። ተራው ድንጋይ በአብዛኛው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። በቅንጣቶቹ ዙሪያ ያለውን ብረት ይፍቃል፣ ቅንጣቶቹን ግን በወጉ አይቆርጣቸውም። «ውድ ሰንጢ ገዝቼ አልሳል አለኝ» እያለ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ችግሩ ይኸው ነው። አልማዝ ይፈልጋል። ሌላም አለ። ካርባይድ የበዛበት ብረት መጠምዘዝ አይወድም። መዳብ ሲነካ ርካሹ ይታጠፋል፣ የታጠፈም በጥቂት ምልልስ ይቃናል። ውዱ ግን ሊሸረፍ ይችላል። አንድ ሽርፋት ለማጥፋት ደግሞ ከአፉ ሙሉ ርዝመት ላይ ብረት መፋቅ አለብህ።

አንድ ደንበኛዬ በጣም የሚያምር ኤስ30ቪ ሰንጢ አመጣልኝ። የቀለም ጣሳ ክዳን ፈልቅቆበት ጫፉ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ተቆርጧል። እንዲህ ያለውን የሚጠግኑት ከአፉ በኩል አይደለም። ጀርባውን ቀስ በቀስ፣ ውሃ እየነከሩ፣ አዲስ ጫፍ እስኪወጣ ድረስ ዝቅ ያደርጉታል። ውሃውን ከዘነጋህ ብረቱ ይግላል፣ ጥንካሬው ይሄዳል። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሰውየው ሲያዝን ሳይ እኔም አዘንኩ።

ሁሉም ስለ ብረት ያወራል፣ ስለ ውፍረት የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። እኔ ከብረቱ ስም ይልቅ ውፍረቱን አምናለሁ። ከአፉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ስለቱ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ ላይ በካሊፐር ለካ። 0.4 ወይም 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ካርቶን ውስጥ እንደ ልብህ ይሄዳል። 0.8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ምንም ያህል ስል ቢሆን ካርቶኑን እንደ መጥረቢያ ይሰነጥቃል እንጂ አይቆርጥልህም። አንተም ትገፋለህ፣ ስትገፋ ትጠመዝዛለህ፣ ስትጠመዝዝ አፉ ይጎዳል። ኦፒኔልን እስቲ አስበው። ከ1890 ጀምሮ የሚሠራ ቀላል ሰንጢ ነው። እንጨት እጀታ፣ ቀጭን ስለት፣ ከ1955 ጀምሮ ደግሞ የሚዞር የቀለበት መቆለፊያ አለው። ከስንቱ የቲታኒየም ጌጥ የተሻለ ይቆርጣል። የስዊሱ ሰንጢ ቪክቶሪኖክስም ብረቱ ለስላሳ ነው፣ የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል መለኪያ 56 ገደማ። ግን ቀጭን ነው፣ በአንድ ደቂቃ ይሳላል።

ሮክዌልን ካነሳሁ አይቀር፣ ርካሾቹ በአብዛኛው ከ56 እስከ 59፣ ውዶቹ ከ59 እስከ 62 ላይ ይውላሉ። ይህን ቁጥር የሚወስነው በእሳት የማጠንከሩ ሥራ ነው። አንድ ዓይነት ብረት በጥሩ እጅና በመጥፎ እጅ ሁለት የተለያየ ቢላ ይሆናል። ይህ ደግሞ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ብረቱ ላይ ከተጻፈው ስም በፊት የሠራውን ፋብሪካ እወቅ። የብረቱን ስም ሳይጠቅስ «የማይዝግ» ብቻ ብሎ ከሚያልፍ ሰንጢ ራቅ። ታላቅ ስም ተጽፎበት ዋጋው እንደ ተራ ሰንጢ ከሆነም ተጠራጠር። ጽሑፍ ማተም ቀላል ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ሰንጢ በፋብሪካው አፍ አትፍረድበት። በማሽን ሲሳል የግለቱ ጉዳት ጫፉ ላይ ሊቀር ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ በእጅ ከተሳለ በኋላ ጤነኛው ብረት ይወጣና ቢላው ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ ፈተናው። እዚህ ላይ እባክህ አትቸኩል፣ ጣትህን የሚያድነው መቆለፊያው ነው።

ሰንጢውን ክፈትና መቆለፊያው ከስለቱ እግር፣ ማለትም እጀታው ውስጥ ከሚገባው ጫፉ፣ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ተመልከት። በላሜራ የሚቆልፍ ከሆነ፣ ላሜራው ከእግሩ ስፋት ሲሶውን ወይም ግማሹን ያህል ገብቶ መቆም አለበት። ጠርዙን ብቻ ከያዘ ይንሸራተታል። አዲስ ሆኖ ሳለ ወዲያ ማዶ ደርሶ ከሆነ ደግሞ የሚሄድበት ቦታ አልቆበታል። ቀጥሎ እጀታውን አጥብቀህ ያዝ፣ ጣቶችህን ከስለቱ መንገድ አውጣ፣ ጀርባውን እንጨት ላይ ቀስ አድርገህ ተጫን። አትምታው፣ ተጫነው ብቻ። መቆለፊያው ትንሽ እንኳ ካፈገፈገ መልሰው። ከዚያ ስለቱን በጣቶችህ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። በዚያ አቅጣጫ መነቃነቅ የመቆለፊያ ጉድለት ነው፣ በብሎን አይጠብቅም። ወደ ጎን መነቃነቅ ግን ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። በመጨረሻም ዘግተህ ጫፉን ወደ መሬት አዙርና እጅህን ነዝር። ስለቱ በራሱ መውጣት የለበትም። ኪስ ውስጥ የሚከፈት ሰንጢ ታፋ ይቀድዳል።

እነዚህን ከርካሽ ፋብሪካ የወጡም ያልፋሉ፣ ውድ ሆነው የሚወድቁም አሉ። የቲታኒየም እጀታው ራሱ የሚቆልፍ ከሆነ፣ መቆለፊያው ጫፍ ላይ የብረት ቁራጭ መኖሩን እይ። ባዶ ቲታኒየም ብረትን እየያዘ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላል።

መታጠፊያውም ለአንተ ቁም ነገር አለው። ውዶቹ ብዙ ጊዜ ኩሽኔታ ይገባላቸዋል። በአንድ ጣት እንደ ቅቤ ይከፈታል፣ ደስ ይላል። ግን አንተ አቧራ ውስጥ ነው የምትውለው። ኩሽኔታ አሸዋና የኬብል ፍርፋሪ ይሰበስባል፣ ከዚያ መንቆራጠጥ ይጀምራል። የነሐስ ሮንዴላ ያለው ለአቧራ ይሻላል። የእጀታውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በመስታወት ክር የተጠናከረው ናይሎን ቀላልና ጠንካራ ነው፣ እርጥብ እጅ ላይም አያንሸራትትም። ብቻ የትኛውም የኪስ ሰንጢ ከኤሌክትሪክ እንደማይከላከል አትርሳ። እጀታው ናይሎን ቢሆንም ውስጡ ላሜራና ብሎን አለ። መስመሩ መቋረጡን ሳታረጋግጥ አትላጥ።

የወደድከው ሞዴል በ14ሲ28ኤን የሚገኝ ከሆነ ግን ሁለቱንም ትተህ እሱን ግዛ። የስዊድን ብረት ነው፣ 0.62 በመቶ ካርቦንና 14 በመቶ ክሮሚየም አለው። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ናቸው፣ በቀላሉ አይሸረፍም፣ ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፣ በተራ ድንጋይም ይሳላል። ለተቀላቀለ ሥራ እጅግ እወደዋለሁ። ዲ2 የሚባል ብረት ሊያሳዩህም ይችላሉ። እሱም በካርቶን ላይ ጎበዝ ነው። ነገር ግን 12 በመቶ ከሆነው ክሮሚየሙ ብዙው ካርባይድ ውስጥ ስለሚታሰር በላብ ያዥጎረጉራል። ማታ ማታ ጠራርገህ ዘይት የማትቀባው ከሆነ ተወው።

ውዱን ግዛ የምልህ መቼ ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ካርቶንና ገመድ ብቻ የምትቆርጥ፣ ብረት የማትነካ፣ የአልማዝ መሳያም ያለህ ከሆነ ነው። ያኔ ሦስት እጥፉ ትርጉም አለው። ወይም ደግሞ ነገሩን ስለወደድከው ብቻ ልትገዛው ትችላለህ፣ ያም መብትህ ነው። የካርቦን ፋይበሩ፣ የደማስቆ ጥለቱ፣ ባለ ቀለም ብሎኑ ግን ለዓይን ነው፣ ለመቁረጥ አይጨምርልህም።

ስለ መሳል አንድ ዘዴ ልስጥህ። በየጎኑ 17 ወይም 18 ዲግሪ ለአንተ ጥሩ ነው። ዲግሪውን በዓይን መገመት ይከብዳል፣ ስለዚህ በከፍታ አስበው። ስለቱ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጀርባውን ከድንጋዩ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ማንሳት ይበቃል። አፉን በማርከር ቀባው፣ ሁለት ጊዜ አስኪደውና ተመልከት። ቀለሙ ከላይ በኩል ብቻ ከጠፋ ጀርባውን ዝቅ አድርገኸዋል። ከጫፉ ብቻ ከጠፋ ከፍ አድርገኸዋል። በሌላው ጎን በጣትህ የሚዳሰስ ስስ ጉርብጥ ከዳር እስከ ዳር እስኪወጣ ድረስ አንዱን ጎን ሳል፣ ከዚያ ገልብጠው። ሰው የሚሳሳተው ጉርብጡ ሳይወጣ እየገለበጠ ነው።

ያ የሚወዛወዘው አሮጌው ሰንጢህ ምናልባት ብሎኑ ላልቶ ብቻ ይሆናል። ቶርክስ የሚባለውን የኮከብ ካቻቪቴ ያዝ፣ ብዙ ጊዜ ቲ8 ነው። የመታጠፊያውን ብሎን የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ አጥብቅና ሞክር። ከጠነከረብህ ትንሽ መልስ። እየላላ የሚያስቸግር ከሆነ አውጥተህ አጽዳው፣ ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ጥርሱ ላይ ብቻ አድርግ፣ ለ24 ሰዓት አትንካው። ሮንዴላው ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ። ወደ ላይና ወደ ታች መነቃነቁ ካልቆመ ግን ከሥራ አስወጣው፣ ለካርቶን እንኳ አትጠቀምበት።

ከተስተካከለልህ አዲሱን ከመግዛትህ በፊት እሱን በማርከሩ ዘዴ ሳለውና ሁለት ቀን ሥራበት። ከዚያ መብራት ስር አይተህ የት እንዳብረቀረቀ ጻፍልኝ። ከጫፍ እስከ እጀታ ወጥ ሆኖ ካብረቀረቀ፣ ስለ ውዱ የነገርኩህን እቀይራለሁ።