እንባዋን ተዪው፣ ጥያቄውን ሳዪው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ፋብሪካ ተወዳድሬ ነበር። በጽሑፍ ፈተናው ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር እኩል አመጣን። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሞተር የጠየቀኝ የለም። «አግብተሻል? መቼ ለመውለድ አስበሻል? የማታ ሺፍት ባልሽ ይፈቅድልሻል?» አሉኝ። ልጁን እንዲህ ያለ ነገር አልጠየቁትም፤ ሥራውንም ያገኘው እሱ ነው። ሥዕል እሞካክራለሁ። ለወጣት ማዕከላችን ዐውደ ርዕይ እጇን በሰንሰለት የታሰረች፣ የምታለቅስ ሴት ጀምሬያለሁ። ጓደኞቼ «ሥዕል ምን ይለውጣል?» ይሉኛል። እርስዎስ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አቦ፣ መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ወጣት ሳለሁ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ታፔላ እጽፍ ነበር። አንድ ድርጅት «ሠራተኞቻችንን አጥሩ ላይ ሳልልን» አለኝ። ወንዱን ሄልሜት አድርጌለት ፕላን አስያዝኩት። ሴቷን መጥረጊያ። እንዲህ አድርግ ያለኝ ሰው የለም፤ እጄ ዝም ብሎ ነው የሄደው። የድሬ ፀሐይ ቀለሙን በልቶ እስኪጨርስ ስንት ዓመት በዚያ አለፍኩ። መጨረሻ የጠፋው መጥረጊያው ነው። ሥዕል ምንም አይሠራም ከተባለ ያም ምንም አልሠራም ማለት ነው። እኔ ግን በዚያ በር ስንት ሴት ልጅ ተማሪ እንዳለፈች አውቃለሁ።

የምታለቅሰውን ሴት ግን ተያት። ሰው «ውይ፣ አንጀት ትበላለች» ብሎ ቡናውን ሊጠጣ ይሄዳል። ኒውዮርክ ውስጥ ጉሬላ ገርልስ የሚባሉ፣ የጎሪላ ጭንብል የሚያጠልቁ ሴት ሠዓሊዎች አሉ። በ1989 እ.ኤ.አ. ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብተው ቆጠሩ። በዘመናዊ ጥበብ ክፍሉ ከሠዓሊዎቹ ሴቶቹ 5 በመቶ አይሞሉም። እርቃናቸውን ከተሳሉት ግን 85 በመቶው ሴቶች ናቸው። ቁጥሩን ፖስተር ላይ ጻፉት፤ ሙሾ የለ፣ ምን የለ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሠዓሊ አድሪያን ፓይፐር ደግሞ መልኳ ፈካ ያለ ስለሆነ ነጭ መስላቸው እሷው ፊት ጥቁሮችን የሚያንቋሽሹ ነበሩ። ትንሽ ካርድ አሳተመች፤ «እኔ ጥቁር ነኝ» ይላል። ሳትጮህ እጃቸው ላይ ታስቀምጠው ነበር።

አንቺም ጥያቄያቸውን ሳዪው። ከረባት ያሰረ ወንድ ወንበር ላይ አስቀምጪ። ከፊቱ ሦስት ሴት ጠያቂዎች። ከላይ በትልቁ፦ «የማታ ሺፍት ሚስትህ ትፈቅድልሃለች?» በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ጻፊው። የድሬ ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ሲስቅ ይቆማል፤ ሲቆም ከታች ያለውን ያነባል። እዚያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አስፍሪ። አንቀጽ 87 ሴት ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ለእሷ ነው ይላል። አንቺ ደግሞ እኩል ነው ያመጣሽው፤ ወረቀቱን ይዘሽ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሂጂ። ሥዕሉ እዚያ አይሄድልሽም።

የፋብሪካውን ስም ግን ሥዕሉ ላይ አትጻፊ። ከጻፍሽው የሌላው ሁሉ አለቃ «እኔን አይደለም» ብሎ እፎይ ይላል።

ፊደሉ ካስቸገረሽ በመጽሔቱ በኩል ላኪብኝ፤ ብሩሼን ይዤ ሳቢያን እመጣለሁ። የዚያች ባለ መጥረጊያ ዕዳ አለብኝ።