ስፖርት ከጀመርኩ ወዲህ ዱካክ ይይዘኛል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኝነት አገለግላለሁ። በዘንድሮው ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትሩን ከአንድ ሰዓት በታች ለመጨረስ አስቤ ከሁለት ወር በፊት ጠንከር ያለ ልምምድ ጀመርኩ። በሳምንት አራት ቀን ሰፈሬ ያለ ጂም ገብቼ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክብደት አነሣለሁ፣ ትሬድሚል ላይም በፍጥነት እሮጣለሁ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ንጋት 11 ሰዓት ተነሥቼ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ እሮጣለሁ። ይህ ሁሉ ድካም እንቅልፌን ያከብደዋል ብዬ ነበር። ሆኖም 5 ሰዓት ላይ ጋደም ብልም የልቤን ምት እየሰማሁ እስከ 6፡30 እገላበጣለሁ። እሁድ ዕረፍቴ ስለሆነ እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ስተኛ ደግሞ ሕልም ይበዛብኛል፤ ብዙውን ጊዜ እየሮጥኩ እግሬ አልንቀሳቀስ ይለኛል። ሁለት እሁድ ጠዋት ከዚህ የባሰ ገጠመኝ፤ ነቅቼ የክፍሌን መጋረጃ እያየሁ መላወስም መጮህም አቃተኝ፣ ደረቴንም አንድ ነገር ተጫነኝ። እናቴ “ዱካክ ነው፣ ጠበል ሂድ” ትለኛለች፤ አሠልጣኜ ደግሞ “ሰውነትህ እየለመደ ነው” ይለኛል። ልምምዱን ላቁም?
ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልምምዱን ማቆም አያስፈልግዎትም፤ የሚያደርጉበትን ሰዓት ግን መለወጥ ይኖርብዎታል። በጻፉልን መሠረት 6፡30 ላይ እንቅልፍ ወስዶዎት 11 ሰዓት ይነሣሉ፤ ይህ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ለአንድ ጎልማሳ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ዱካኩ የያዘዎት በሥራ ቀን ሳይሆን እስከ ረፋድ በተኙባቸው እሁዶች መሆኑም የአጋጣሚ ነገር አይደለም።

ሰው ለመተኛት ሲዘጋጅ የውስጥ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፣ የልብ ምቱም ይረጋጋል። ብርቱ ልምምድ በተቃራኒው ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፣ አድሬናሊን የተባለውን አነቃቂ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሰውነት ከዚህ ሁኔታ እስኪመለስ ጊዜ ይፈልጋል። የማታ ስፖርት ሁሉ እንቅልፍ ይነሣል ማለት ግን አይደለም። የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. 23 ጥናቶችን አሰባስበው ባወጡት ግምገማ የማታ ልምምድ በጥቅሉ እንቅልፍን እንደማያውክ፣ እንዲያውም ጥልቁን እንቅልፍ በመጠኑ እንደሚጨምር አሳይተዋል፤ ሊያውክ የሚችለው ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ሲቀር የሚያበቃው ከባድ ልምምድ ነው። እርስዎ የሚገኙት እዚህ ላይ ነው። ጂም ከመግባትዎ በፊት ለጉልበት ብለው ቡና የሚጠጡ ከሆነም ይተዉት፤ የካፌይኑ ግማሽ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ወደ ሕልሙ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተኙ ሰዎች ዓይን ከቆቡ ሥር በየተወሰነ ጊዜ በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ፣ በዚያ ጊዜ የተቀሰቀሰ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሕልሙን እንደሚናገር ገለጹ። ይህ ሬም የሚባለው የእንቅልፍ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ ሌሊቱ ሲጀምር አጭር ነው፣ ወደ ንጋት ግን እየረዘመ ይሄዳል። ጥልቁ እንቅልፍ በአንጻሩ የሚበዛው በሌሊቱ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ የሚጮኸው ስልክዎ ከሁሉ አብልጦ የሚቆርጥብዎ ሬሙን ነው። ከባድ ልምምድም በራሱ ጥልቁን እንቅልፍ ጨምሮ ሬምን በጥቂቱ ያዘገያል። ስድስት ቀን የተነፈገው አንጎል ታዲያ እሁድ ጊዜ ሲያገኝ ዕዳውን በአንድ ጠዋት ያስከፍላል፤ ሕልሙ የሚበዛውና የሚደምቀው ለዚህ ነው። የማይታዘዘው እግር ምን ያመለክታል ብለው አይጨነቁ፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ሩጫ የሚያስብ ሰው ሌሊት ሩጫ ቢያይ አይገርምም።

እናትዎ በስሙ አልተሳሳቱም። በሬም ጊዜ ሕልማችንን በአካል እንዳንፈጽመው አንጎል የእጅና የእግራችንን ጡንቻዎች ያዝላቸዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ጡንቻው ሳይለቀቅ ሰውየው ይነቃል፤ ዱካክ የምንለው ይህ ነው። የደረት ጡንቻዎችም ስለሚላሉ ትንፋሹን የሚሸከመው ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ብቻ ይሆናል፤ በረጅሙ ልተንፍስ ሲሉም እምቢ ይልዎታል። “ተጫነኝ” የሚለው አነጋገራችን ከብዙ የሕክምና መግለጫ የተሻለ ነው። ክስተቱ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ በራሱም ጉዳት የለውም። የእንቅልፍ ማነስ፣ የመኝታ ሰዓት መዘበራረቅና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ሲይዝዎት ለመነሣት ከመታገል ይልቅ አንዲት የእግር ጣት ለማንቀሳቀስ ይሞክሩ። ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነትዎ ነውና ቢሄዱ አልከለክልም፤ ለጠበል ብለው 10 ሰዓት እንዳይነሡ ብቻ!

አሠልጣኝዎ በከፊል ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ሰውነት የሚለምደው በልምምዱ ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በሚያርፍበት ጊዜ ነው፤ ዋናው የዕድገት ሆርሞን የሚመነጨውም በጥልቁ እንቅልፍ ላይ ነው። ጂም በሚገቡባቸው አራት ቀናት የንጋቱን ሩጫ ይተዉት፤ ጂሙንም ቢዘገይ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይጨርሱ። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ታጥበው፣ እራትዎን በልተው 4፡30 ላይ ይተኙ። ለሦስት ሳምንት ያህል ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የልብ ምትዎን ቆጥረው ይመዝግቡ፤ ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ጨምሮ ከታየ ልምምዱ በዝቷል ማለት ነውና ይቀንሱት።

ዱካኩ በሳምንት ደጋግሞ ከያዘዎት፣ ቀን ሥራ ላይ እንቅልፍ ከጣለዎት፣ ሲስቁ ጉልበትዎ ከከዳዎት፣ ወይም ተኝተው እንደሚራገጡ የቤት ሰው ከነገረዎት ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ማታ ማታ እግርዎ አላስቀምጥ ካለዎት ደግሞ የብረት መጠንዎን በደም ምርመራ ያሳዩ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ታላቁ ሩጫ የሚካሄደው እሁድ ጠዋት ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሰውነትዎን እሁድ ጠዋት ሕልም እያየ እንዲተኛ አስለምደውታል። ከመጪው እሁድ ጀምሮ ከ12፡30 በላይ አይተኙ። በውድድሩ ዋዜማ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ቢልዎትም አይደንግጡ፤ በቀደሙት ሌሊቶች በደንብ ከተኙ የአንድ ሌሊት ማነስ የ10 ኪሎ ሜትር ሰዓትዎን ብዙም አይነካውም።