ብርዱን ሸሽቶ ወደ ምሥራቅ፦ ድሬዳዋ ወይስ ሐረር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለታችንም ከመምህርነት በጡረታ ተገልለናል። እኔ ቁርጥማት ስላለብኝ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ያሰቃየኛል፤ ጠዋት ጣቶቼ የሚዘረጉት ፀሐይ ከሞቅሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የደም ግፊት ስላለበት የሚያሸና ኪኒን ይወስዳል። ድሬዳዋ የምትኖረው ልጃችን «ቤቱን ሸጣችሁ ኑ» ትለናለች፤ አንዳንድ ዘመዶቻችን ግን «ድሬ ያቃጥላል፣ ሐረር ይሻላችኋል» ይሉናል። ባለፈው ጥር ለጥምቀት ልጃችን ዘንድ ሄደን ነበር፤ አየሩን ሁለታችንም እጅግ ወደድነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ጡረተኛ መምህርት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ለጥምቀት መጥታችሁ ያገኛችሁት አየር ድሬዳዋ በዓመት ውስጥ ካላት ሁሉ የተመረጠው ነው። በታኅሣሥና በጥር የቀኑ ሙቀት 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርስና ሌሊት ወደ 15 ይወርዳል፤ ነጠላ ደርቦ በረንዳ ላይ ለሚያመሽ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ችግሩ፣ በጥር አየር ተማርኮ ቤቱን የሸጠ ሰው ግንቦት ሲገባ የሚገጥመው ሌላ ከተማ መሆኑ ነው። በግንቦትና በሰኔ ቴርሞሜትሩ ቀን ቀን 35ን ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። ከቀኑ ይልቅ የሚያስመርረው ግን ሌሊቱ ነው፤ የቆርቆሮው ጣሪያና የብሎኬቱ ግድግዳ ቀን ያጠራቀሙትን ሙቀት ወደ ክፍሉ ሲመልሱት ስለሚያመሹ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ከቤት ውስጥ ይልቅ ግቢው ይቀዘቅዛል። ብዙ ቤተሰብ በእነዚህ ወራት ፍራሽ አውጥቶ፣ አጎበር ሰቅሎ ደጅ የሚያድረው ስለዚህ ነው። የከዚራን መንገዶች ያስዋበው የድሬዳዋ ዛፍም ቀይ አበባውን የሚያፈካው ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት ነው፤ እንግዳ ሰው ግን በዚያ ወቅት ቀና ብሎ አበባ የሚያይበት ትዕግሥት አይኖረውም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምትሸሹት የትኛውን ብርድ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በደጋው አገር ያለው ብርድ አንድ ዓይነት አይደለምና። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ፀሐይን ስለሚከልል ቀኑ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ይረጥባል፤ ሌሊቱ ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሸፍነው ያን ያህል አይከፋም። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩ ስለሚደርቅ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት በሌሊት ትለቅቀዋለች፤ ንጋት ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐዩ ይሞቃል። ከደብዳቤዎ እንደምንረዳው እርስዎን የሚጎዳዎት ይህ ሁለተኛው፣ የበጋ ሌሊት ብርድ ነው። ከእርሱ ለማምለጥ ደግሞ እስከ ቆላ ድረስ መውረድ ግድ አይደለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በእኛ አገር ተራራ ወርዶ 100 ሜትር ዝቅ ያለ ሰው በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በለጥ ያለ ሙቀት ያገኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ። ስለዚህ ሐረር ብትገቡ ወደ 5 ዲግሪ፣ ድሬዳዋ ብትገቡ ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ታገኛላችሁ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ደንገጎን የወጣ ተሳፋሪ ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል፤ ጠመዝማዛው መንገድ ሳያልቅ የሚኒባሱ መስኮት አንድ በአንድ ይዘጋል። የምድር ባቡሩም ቢሆን በ1890ዎቹ ያንን አቀበት ወጥቶ ሐረር መድረስ አልሆንለት ብሎ ነው ከሥሩ ድሬዳዋን የቆረቆረው።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንምጣ፤ በእኛ አስተያየት ውሳኔው የሚያርፈው ከእርስዎ ጣቶች ይልቅ በእርሳቸው ኪኒን ላይ ነው። የሚያሸና መድኃኒት ውሃና ጨው ከሰውነት ያስወጣል፤ የቆላ ሙቀትም በላብ ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱ ሲደራረቡ በዕድሜ የገፋ ሰው የደም ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ሊወርድ፣ ከመቀመጫው ሲነሣ ሊያዞረውና ሊወድቅ ይችላል። ይህ ማለት የደም ግፊት ያለበት ሰው ድሬዳዋ አይኖርም ማለት አይደለም፤ ሞልቶ ይኖራል። ነገር ግን ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪሙ ጉዳዩን ሊያውቀውና የመድኃኒቱን ዓይነትና መጠን ሊያየው ይገባል፤ በራስ ፈቃድ ኪኒኑን መቀነስ ወይም ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም። የእርስዎን ቁርጥማት በተመለከተም አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሞቃት አየር የመገጣጠሚያን ድርቀት ያለዝብ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያድነውም፤ ክትትሉንና መድኃኒቱን ትታችሁ በአየሩ ብቻ ተማምናችሁ አትምጡ።

ድሬዳዋን ከመረጣችሁ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ከተማዋ በ2006 ዓ.ም. በዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. በቺኩንጉንያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ዝናብ ባልነበረበት ወቅት ጭምር በወባ ወረርሽኝ ተመትታለች። ቺኩንጉንያ በተለይ መገጣጠሚያን ክፉኛ የሚያሳምም በሽታ ስለሆነ ለቁርጥማት ሕመምተኛ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እነዚህን በሽታዎች የሚያስተላልፉት ትንኞች ረግረግ አይፈልጉም፤ ክዳኑ ገርበብ ያለ በርሜል፣ ሮቶና የአበባ ማሰሮ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ቤት ስታዩ ክፍሎቹን ከመቁጠራችሁ በፊት የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን አንሥታችሁ ተመልከቱ። የከተማዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበትም በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ ይህን አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

ቤቱ ከደቻቱ ወንዝ ምን ያህል እንደሚርቅም ጠይቁ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ሰው እየተሻገረ የሚገበያይበት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዳሩ ግን ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው በመሆኑ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደውን ጎርፍ ነዋሪው ዛሬም አልረሳውም። ኪራይ ርካሽ ነው ተብሎ ወንዝ ዳር መግባት አያዋጣም።

ወደ ሐረር ስንመጣ፣ የቀኑ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙም ሳይዋዥቅ ከ25 ዲግሪ ወዲህና ወዲያ ይላል። ዝናቧም ከሰሜን ሸዋ ያነሰ ሆኖ በበልግና በክረምት የተከፈለ ስለሆነ እንደ እናንተ አገር ሐምሌ ፀሐይን ለሳምንታት አይሰውራትም። በታኅሣሥ ሌሊት ግን ጋቢ ያስፈልጋል፤ ከሐረር ከፍ ባሉት በሐረማያ አካባቢ ባሉ ማሳዎች ላይ አልፎ አልፎ ውርጭ ጫቱን ይመታዋል።

ሐረርን ብትመርጡ በግንብ ከታጠረው ከጥንታዊው ከተማ ከጁገል ውጭ ያለውን አዲሱን ከተማ እንመክራለን። ጁገል ውስጥ መኖር የሚያስቀና ነገር ቢሆንም ለታመመ ጉልበት የተሠራ ሰፈር አይደለም። መንገዱ ጠባብና ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ ባጃጅ እስከ ደጃፍ የማይደርስባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥም ሰው የሚቀመጠው ከፍታቸው በሚለያይ፣ ነደባ በሚባሉ መደቦች ላይ ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መውጣትና መውረድ ግድ ነው። የሐረር ዋናው ችግር ውሃ ነው። ቀድሞ ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከደረቀ ወዲህ ውሃ ከድሬዳዋ በኩል ካሉ የቆላ ጉድጓዶች በፓምፕ ዳገት እየተገፋ ይመጣላታል፤ መብራት ሲቋረጥ ወይም ፓምፕ ሲበላሽ ሰፈሩ በፈረቃ ይጠብቃል። በቂ ማጠራቀሚያ የሌለውን ቤት አትከራዩ።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው፦ ለሁለታችሁ አንድ ላይ ሲታሰብ ሐረር ይሻላል። ልጃችሁ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መንገድ ላይ ስለምትኖር የልጅ ልጅ ለማየት ጠዋት ወርዶ ማታ መመለስ ይቻላል። የደብረ ብርሃኑን ቤት ግን አሁን አትሽጡት፤ አከራዩትና ለአንድ ዓመት ሐረር ተከራይታችሁ ኑሩ። «የለም፣ ከልጄ አጠገብ ድሬዳዋ ነው የምኖረው» ካላችሁ ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር፣ እርሱም ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለውን፣ ልጃችሁ ቤት አሳልፉ፤ ያንን በሰላም የተወጣ ሰው ሌላውን ወር አይፈራውም። ቤቱ ኮርኒስ ያለው፣ መኝታ ክፍሉ ወደ ምዕራብ የማይመለከትና ግቢው ዛፍ ያለበት ይሁን። በነገራችን ላይ ድሬ «አንቱ» ማለት አትወድምና ባጃጅ ነጂው «አንቺ» ቢልዎት ንቀት እንዳይመስልዎት።

ጥያቄ፦ ሐረር ተወልጄ ላለፉት በርካታ ዓመታት ቶሮንቶ ኖሬያለሁ። የስኳር ሕመምተኛ ስለሆንሁ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ከካናዳ በረዶ ተገላግዬ ወደ አገሬ ለመመለስ አስቤያለሁ። የሐረር ብርድ ለእኔ ምን ያህል ነው?

ተመላሽ ሐረሬ፣ ከቶሮንቶ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከቶሮንቶ ለሚመጣ ሰው የሐረር ብርድ ደጅ ላይ ብርድ አይባልም። የሚገርምዎት ቤት ውስጥ ሲገቡ ይሆናል። እዚያ በረዶው የቱን ያህል ቢከመር ቤቱ በማሞቂያ ይሞቃል፤ እዚህ ግን ማሞቂያ የለም፣ በሩና መስኮቱም እንደዚያ አይገጥምም፤ ስለዚህ በታኅሣሥ ደጁ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ቤቱም ይከተለዋል። ከውጭ የተመለሱ ሰዎች «እዚህ የበለጠ በረደኝ» ሲሉ ብንስቅባቸውም እውነት አላቸው። የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት መኝታ ክፍልና አንድ ወፍራም ጋቢ ነገሩን ይፈታዋል።

የመኖሪያ ወረቀትን በተመለከተ፣ የካናዳ ዜግነት ወስደው ከሆነ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሚሰጠው መታወቂያ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ለመኖር ያስችልዎታል፤ ጉዳዩን እዚያው ሳሉ በኤምባሲ ይጀምሩት። ለኢንሱሊንዎም ከሁለቱ ከተሞች ሐረር ትመቻለች። ያልተከፈተው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ የተጀመረው ግን ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ በመመሪያው ላይ እስከ ተጻፈው ቀን ድረስ ይቆያል። ሐረር ጥላ ያለበት ቁምሣጥን ይህን ያሟላል፤ ድሬዳዋ በሰኔ፣ በተለይ መብራት በጠፋበት ቀን፣ አያሟላም። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ድሬ ሲወርዱ በትንሽ የቅዝቃዜ መያዣ ሣጥን ይያዙት፤ ኢንሱሊኑ ግን በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅልሉት፤ አንዴ የበረደደ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራምና።